ቍልፍ የሌለው ገበጣ

በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ እጅ ስልክ ጨዋታ መጻፋችን የሚያስገርማቸው አንባቢዎች ይኖሩ ይሆናል። ነገር ግን ባለፈው ክረምት ወደ ሚዛን ተፈሪ ወርደን በታላቅ ወንድማችን ቤት በሰነበትንበት ጊዜ፥ አባትና ልጅን አከራክሮ ቤቱን ለሁለት ከፍሎ ያገኘነው ነገር ይኸው ስለ ሆነ፥ ከቤተ ሰብ ጉዳይ ውጭ ነው የሚለን ሰው አይኖርም ብለን እናስባለን።

ነገሩ የተነሣው በዝናብ ነው። በዚያ አገር ዝናቡ ሲበረታ መብራቱና የስልኩ ኔትዎርክ ተከታትለው የሚጠፉበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እኛም በደረስን በማግሥቱ ሁለቱም ጠፍተው ሦስት ቀን ቈዩ። የወንድማችን ትንሹ ልጅ፥ በአሜሪካ የምትኖረው አክስቱ በዶላር ከፍላ የሰጠችው አንድ የስልክ ጨዋታ ነበረው። ጨዋታው ከስልኩ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ዳሩ ግን ልጁ በከፈተው ቍጥር «መጀመሪያ ከኢንተርኔት ተገናኝ» ከማለት በቀር ሌላ ነገር እምቢ አለው። ልጁም ወደ እኛ መጥቶ፥ «ተገዝቶልኝ የለምን? ታዲያ ለምን የኔ አልሆነም?» ብሎ ጠየቀን። መልስ አላገኘንለትም። በመጨረሻ ተስፋ ቈርጦ፥ ከጣራው ሥር ዝናብ በማይነካው ዐፈር ላይ ጕድጓድ ምሶ፥ ጀንፈል ቡናውን ጠጠር አድርጎ ከጎረቤት ልጅ ጋር ገበጣ ይጫወት ጀመር። ገበጣ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ይህን ሲያይ ታላቅ ወንድሙ ሳቀ፤ የሳቀበትም ምክንያት ነበረው። እርሱ በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርቱን ጨርሶ፥ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤቱ ሳይወጣ የእጅ ስልክ ገበጣ ሲሠራ ኖሯል። የሚሠራበትም ኮምፒዩተር የተገዛው አባቱ በአንድ ዓመት ከሸጡት ቡና ላይ ተነሥቶ ነው። አሁን ሥራው አልቋልና ሊሸጠው ነው፤ የቀረውም ጥያቄ ቍልፍ ይደረግበት ወይስ አይደረግበት የሚል ነበረ።

አንባቢው እንዲረዳልን ስለዚህ ቍልፍ ጥቂት እንናገር። የጨዋታ ነጋዴዎች ዲ.አር.ኤም. የሚሉት ነገር አለ። ሥራውም፥ ጨዋታው በተከፈተ ቍጥር ወይም በየጊዜው፥ በሩቅ አገር የተቀመጠውን የሻጩን መኪና «ይህ ሰው በእውነት ገዝቶኛልን?» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። መኪናው አዎን ካለ ይከፈታል፤ ካልመለሰ ተዘግቶ ይቀራል። ያልከፈለ ሰው እንዳይገለብጠው የታሰበ ዘዴ ነው። ነገር ግን ሻጩ አንድ ቀን መኪናውን ያጠፋ እንደ ሆነ የከፈለውም ያልከፈለውም እኩል ይሆናሉ። ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሣይ ኩባንያ በ2016 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ዘ ክሩ የሚባለውን የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ሲዘጋ ይህ ታየ፤ ገንዘባቸውን አውጥተው የገዙት ሰዎች ሁሉ በአንድ ቀን ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በዚያው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2024 የካሊፎርኒያ መንግሥት፥ ሻጩ የሚሰጠው ዕቃውን ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ከሆነ ይህንኑ ለገዢው በግልጥ እንዲነግር የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ለትንሹ ልጅ ያጣንለት መልስ በዚያ ሕግ ውስጥ ነበረ ማለት ነው፤ ጨዋታው አልተገዛለትም፥ ተፈቀደለት እንጂ።

ሌላ መንገድ የያዙ ነጋዴዎችም አሉ። ጎግ የሚባለው የፖላንድ መደብር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ የኮምፒዩተር ጨዋታ ያለ ቍልፍ ይሸጣል፤ ገዢው አውርዶ ካስቀመጠው በኋላ ማንም አይወስድበትም። ሀምብል ባንድል የተባለው ደግሞ በ2010 አምስት ያህል ጨዋታዎች አንድ ላይ አስሮ፥ ያለ ቍልፍ፥ ዋጋውንም ገዢው ራሱ እንዲቈርጥ ትቶ አቀረበ፤ አንዲት ሳንቲም የሰጠም ተቀብሏል። በሁለት ዓመቱም በ2012 ይህንኑ ለእጅ ስልክ ጨዋታ አደረገው። በፊተኛው ሽያጭ ከ138 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች 1 ሚሊዮን 270 ሺህ ዶላር ያህል ከፈሉ። ይሁን እንጂ ሻጮቹ ራሳቸው እንደ ገመቱት፥ ካወረዱት ሰዎች ከአራት አንዱ ያህል ያችንም ሳንቲም ሳይከፍል ነው የወሰደው። የወንድማችን ልጅ የፊተኛውን ቍጥር ለአባቱ ሲነግር ሁለተኛውን አልደበቀም፤ በዚህ ደስ ብሎናል።

ታላቅ ወንድማችን ግን በቍልፉ ጸኑ። «እኔ ቡና ነጋዴ ነኝ፤ ያልተቈለፈ ነገር የት እንደሚደርስ ዐውቃለሁ» አሉ፤ ያወሩትም ስለ ጌሻ ቡና ነው። ታሪኩን ያልሰማ አንባቢ ካለ፥ ከዚሁ ከደቡብ ምዕራቡ ጫካ፥ ከጌሻ አካባቢ፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1930ዎቹ የቡና ዘር ተለቅሞ ወደ ኬንያና ወደ ታንጋኒካ ተወሰደ። ከዚያ በ1953 ወደ ኮስታ ሪካ፥ በ1960ዎቹም ወደ ፓናማ ተሻገረ። ብዙ ዘመን የሚጠይቀው ሳያገኝ ከኖረ በኋላ፥ በ2004 በፓናማ ውድድር አንደኛ ወጥቶ አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሸጠ፤ ያን ጊዜ ተሰምቶ የማይታወቅ ዋጋ ነበረ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዋጋ መናገር የሚዛንን ገበሬ ማሳዘን ነው። «ፍሬ ቍልፍ የለውምና ማንም ተከለው። ከዚህ ለቅመው የወሰዱት ሰዎች ለእኛ ምን ከፈሉ? ልጄም ይህን እንዲያደርግ ነው የምትመክሩት?» ብለው ወደ እኛ ተመለከቱ።

በእውነቱ ለጊዜው አፋችንን ያዙን። እኛም በዚያ ቡና ያደግን ነንና ቍጭቱን እንጋራለን። ልጁ ግን በትሕትና፥ «አባዬ፥ ዘሩ ተቈልፎ ቢሆን ኖሮ እኛስ ከጫካ አውጥተን በጓሯችን እንዴት እንተክለው ነበር?» አላቸው። ቀጥሎም የተናገረው ከዚህ ይበልጣል። መንግሥታችን የሲዳሞን፥ የሐረርንና የይርጋ ጨፌን ቡና ለማስከበር በተነሣ ጊዜ ዘሩን ለመቈለፍ አልሞከረም፤ ስሙን በንግድ ምልክትነት አስመዘገበ እንጂ። ታላቁ የአሜሪካ ቡና ሻጭ ስታርባክስም ጥቂት ከተከራከረ በኋላ በ1999 ዓ.ም. በሰኔ ወር ስምምነት ፈረመ። «እኔም ስሜን እጽፍበታለሁ፤ የወደደ ሰው የሠራው ማን እንደ ሆነ ይወቅ» አለ። አባቱም «ስም እንጀራ አይሆንም» ብለው ዝም አሉ። በዚያ ሌሊት በቤቱ ብዙ ነገር አልተነገረም። እናቲቱ የቡና ቅጠሉን በዝንጅብልና በቃሪያ አፍልታ ብታቀርብ እንኳ የጠጣነው በዝምታ ነው።

በአገራችን የስልክ ጨዋታ መሥራት የተጀመረው ዛሬ አይደለም። በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ከባለቤቷ እጅ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን ኩኩሉን፥ ደግሞም ገበጣን ለስልክ አውጥቷል። ልጁ ይህን ስለሚያውቅ የራሱን ገበጣ በሚዛን አካባቢ ሽማግሌዎች በሚጫወቱበት ደንብ ሠራው። የገበጣ ደንብ ከአገር አገር መለያየቱን ሪቻርድ ፓንክረስት ገና እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1971 ሰብስበው ጽፈውታል። ደንቡን ያስተማሩት አባቱ መሆናቸውን ግን በዚያ ክርክር መካከል ያነሣው ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ ልጁ ሥራው የራሱ ነውና ያለ ቍልፍ ሊሸጠው ቈረጠ። ለውጭ አገር ሰው ኢች በሚባለው የኢንተርኔት መደብር አወጣው፤ በዚያ መደብር ማንም ሠሪ የስልክም የኮምፒዩተርም ጨዋታ ማቅረብ ይችላል፤ ከሽያጩ ለመደብሩ የሚተወውንም ድርሻ የሚወስነው ሠሪው ነው። ዶላሩን የምትቀበልለት ያችው አክስቱ ናት። ለአገር ሰው ግን ካርድ ያለው ስንት ነው? ስለዚህ ጨዋታው ሲጀምር ስሙንና የቴሌ ብር ቍጥሩን አሳይቶ፥ የወደደው የፈቀደውን እንዲልክለት ጻፈበት። ቴሌ ብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በገጠር ገበያ ሳይቀር የተለመደ ስለ ሆነ፥ ይህ አሳቡ የዋዛ አልነበረም።

ከመመለሳችን በፊት ከእርሱና ከአባቱ ጋር ቡና ለመነጋገር ወደ ቴፒ ሄድን። በገበያው ዳር ዘፈንና ፊልም በሚሞሪ ካርድ ላይ እየጫነ የሚሸጥ አንድ ጐልማሳ ነበረ። ከፊቱ የቆመው የገበሬ ልጅ ስልኩን ሲነካካ ብናይ፥ የያዘው ያንኑ ገበጣ ነው። ጐልማሳው ለመጫኛ ዋጋውን ተቀብሎበታል፤ ለሠሪው የደረሰ ነገር የለም። ታላቅ ወንድማችን «ይኸውልህ!» ብለው በኵራትም በኀዘንም ልጃቸውን ተመለከቱት። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ሊናገር ፈልጎ ተወው። ከዚያ ወደ ልጁ ቀርቦ፥ «ማን ያሸንፋል?» አለው። ልጁም ቀና ሳይል፥ «ስልኩ ያሸንፈኛል፤ አያቴን ግን አሸንፌያቸዋለሁ» አለ።

ታላቅ ወንድማችን ወደ ገበሬው ልጅ ጎንበስ ብለው የጠጠሩን አያያዝ ካዩ በኋላ፥ «እዚህ ላይ ስተሃል፤ ከቀኝ ጀምር» አሉት፤ ብዙም ቆሙ። ጐልማሳው ነጋዴ የሠሪውን ማንነት በሰማ ጊዜ አፍሮ ኀምሳ ብር በቴሌ ብር ላከ።

ይህን እስከ ጻፍንበት ቀን ድረስ ከውጭም ከአገር ውስጥም የገባው ገንዘብ ተደምሮ የኮምፒዩተሩን ዋጋ እኩሌታ አልሞላም። ወንድማችን በስልክ ባነጋገሩን ጊዜ ይህንኑ ደጋግመው ነገሩን፤ ደግሞም ልጃቸው ሁለተኛ ጨዋታ መጀመሩን፥ ደንቡንም እርሳቸው ማታ ማታ እየነገሩት መሆናቸውን ጨመሩልን። ይቈለፍ አይቈለፍ የሚለው ነገር ግን ገና አልተነሣም አሉ።