ሌላ ካለ ይግለጹ

(ከሜልበርን፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ካውልፊልድ። የኢንፎርሜሽን ሳይንስ የማስተርስ ተማሪ ነው። «ጥናትህ ምን ላይ ነው?» «መጠይቅ ነው የምበትነው።» «ምን ለማወቅ?» «እሱ ገና ነው፤ ከአማካሪዬ ጋር እየተነጋገርንበት ነው።»

2. የሞናሽ ዩኒቨርሲቲዎቹ ኪርስቲ ዊሊያምሰንና ግሬም ጆሃንሰን በ2013 ያሰናዱት የምርምር ዘዴዎች መጽሐፍ ለሰርቬይ፣ ለኬዝ ስተዲ፣ ለኢትኖግራፊ፣ ለታሪክ ጥናት የየራሳቸውን ምዕራፍ ሰጥቷል። ተማሪው መጽሐፉን ያደንቃል። ስልኩ ላይ ያለው የሰርቬዩ ምዕራፍ ፎቶ ነው።

3. ፉትስክሬይ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ አዲስ የመጡ ሰዎች መረጃ ከየት ያገኛሉ? የሚሞላው በስልክ ነው፣ በእንግሊዝኛ። አንዲት እናት ማስታወቂያው ሥር ቆመው፣ አማርኛ የሚናገር ሐኪም የት እንደሚገኝ ካሸሯን ጠየቁ። ነገረቻቸው።

4. የመጠይቁ ምርጫዎች፦ ድረ ገጽ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ማኅበራዊ ሚዲያ፣ ሌላ። ቡና ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተሰማው ሁሉ «ሌላ» ውስጥ ገባ። «ሌላ» ለመመደብ ስላስቸገረ ከትንተናው ወጣ።

5. የስምምነት ፎርሙ አምስት ገጽ፣ ጭውውቱ ሃያ ደቂቃ። «ስምዎ አይጠቀስም» ይላል። ጽሑፉ ሲወጣ፦ «የምግብ ቤት ባለቤት፣ የቀድሞ ነርስ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ፉትስክሬይ።» ሰፈሩ በሙሉ ማን እንደሆነች አወቀ። ስሟ አልተጠቀሰም።

6. መቅጃው በርቷል። «መረጃ ለማግኘት ተቸግረው ያውቃሉ፣ አባባ?» «ኧረ ምን በወጣኝ! ተመስገን ነው።» መቅጃው ጠፋ። ከቶና እስከ በረካ ያልገቧቸውን ደብዳቤዎች እያወጡ አስነበቡት። ሪፖርቱ የሚጠቅሰው የተቀዳውን ነው።

7. የ2021 የአውስትራሊያ ሕዝብ ቆጠራ ሜልበርን በኮቪድ ቤቷን ዘግታ ሳለች ተካሄደ። ቤት ውስጥ ስለሚነገር ቋንቋ ጠየቀ፤ ለአንድ ሰው የሚመዘግበው ግን አንድ ብቻ ነው። ከእናቷ ጋር በአማርኛ፣ ከአያቷ ጋር በኦሮምኛ የምታወራ ልጅ አንዱን መረጠች። ሠንጠረዡ ላይ ምንም የሚያሻማ ነገር የለም።

8. በ1936 «ሊተራሪ ዳይጀስት» መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ የአሜሪካን ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ላንደን ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት አሸነፈ። ተማሪው ይህን ፈተና ላይ አሳምሮ ጽፏል። አሁን ደግሞ ቴሌግራም ላይ ሊንክ ልኳል፦ «ሼር አድርጉልኝ፤ ብዙ ሰው ከሞላው ውጤቱ ይታመናል።»

9. መጠይቅ ለምታዘጋጁ፦ ከመበተናችሁ በፊት ጥያቄውን ለአንዲት እናት በአማርኛ ጠይቁ። መልሳቸው ከምርጫዎቹ ውስጥ ከሌለ፣ የሚታረመው ምርጫው ነው።