ከፈረንሳይ ለጋሲዮን የወጣች ብርጭቆ

የካ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፤ ረፋድ ላይ።

እማማ የወይን ብርጭቆዋን ከቡፌው አውጥተው ከተጠቀለለችበት ነጠላ ፈቷት። «ቀስ ብለህ ያዛት፣ ልጄ። አያቴ ለጋሲዮኑ ወጥ ቤት ሲሠሩ የተሰጠቻቸው ናት። ፈረንሳይ ናት።» ቤተሰቡ ሁሉ የሚያምነው ይህንኑ ነው። የሰፈሩ ስም ራሱ ያሳምናል።

ወደ መስኮቱ ይዣት ጠጋ አልኩ። ብርሃን የምታሳልፍ አረንጓዴ ናት። ሆዷን የከበበው ነጭና ሮዝ አበባ በጣት ሲዳሰስ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ በእቶን የተጠበሰ ኢናሜል ነው። የጠርዟ ወርቅ በአንድ በኩል ብቻ ሳስቷል፣ ከንፈር ሲመላለስበት የኖረ ቦታ ነው። በቅርጽ ማውጫ የተሠራ ብርጭቆ ጎኑ ላይ የሚቀረው የመገጣጠሚያ መስመር የላትም። ገለበጥኳት፦ ሠሪው የያዘበት ዘንግ የተነቀለበት ጠባሳ ተሞርዶ ለስልሷል። አጠገቡ በአበባው ቀለም የተጻፈች ቁጥር አለች፤ ያለ አጉሊ መነጽር አትነበብም።

ቁልቁል ካለው ሱቅ የሐሰት ብር መለያ መብራት ተውሰን በሩን ዘጋን። ብርጭቆዋ እንደ ክረምት ገብስ ቡቃያ አረንጓዴ ቦግ አለች። እማማ አማተቡ። ዩራኒየም ነው፤ ቦሄሚያ ውስጥ የሪደል ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ከብርጭቆ ጋር አቅልጦ ያስለመደው። እርግጥ እንግሊዞችም ፈረንሳዮችም ተጠቅመውበታል፤ ለብቻው ማስረጃ አይሆንም። እኔን ያሳመነችኝ ቁጥሯ ናት። በሰሜን ቦሄሚያ፣ በሃይዳና በሽታይንሾናው፣ ያልተጌጠ ብርጭቆ ገዝተው የሚያስጌጡ ወርክሾፖች ነበሩ፤ የንድፉን ቁጥር በብሩሽ ግርጌው ላይ መጻፍ የተለመደ ነበር። ስለዚህ የቦሄሚያ ናት እላለሁ። የለጋሲዮን ገበታ የፈረንሳይ ስለሆነ ብርጭቆው ሁሉ የፈረንሳይ አይሆንም።

የሀገር ስም ስላልተጻፈባት ዋጋዋ አይቀንስም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1890 ባወጣችው ሕግ ወደ እሷ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት ሀገር ስም እንዲጻፍበት አዘዘች፤ በጂቡቲ በኩል ወደ እኛ የሚመጣውን ያ ሕግ አይነካውም። «ቼኮዝሎቫኪያ» የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ሀገሪቱ ከተመሠረተችበት እ.ኤ.አ. ከ1918 በፊት ሊኖር አይችልም።

ከሰዓት በኋላ እንጦጦ ማርያም ወጣሁ። ምኒልክ ዘውድ የጫኑበት ደብር ነው፤ ሙዚየሙ የእሳቸውንና የእቴጌ ጣይቱን አልባሳትና ንዋያት ይዟል። የነገሥታት ዕቃ ጠባቂ አለው፤ የወጥ ቤት ሠራተኛ ብርጭቆ ግን ታሪኳ በእማማ አፍ ብቻ ነው ያለው። ይህ ያሳስበኛል። ስመለስ የአያታቸውን ሥራና ብርጭቆዋ የመጣችበትን መንገድ እሳቸው እየነገሩኝ በወረቀት ጻፍኩ፤ ወረቀቱን ከነጠላው ጋር አስቀመጡት። አሮጌ ኢናሜል እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል እንዳይጠጡባት፣ ወርቁንም በሽቦ እንዳይፈትጉት ነገርኳቸው።

ልሰናበት ስል የብርጭቆዋ ጓደኛ ኮተቤ፣ የእህታቸው ልጅ ጋ እንዳለች ነገሩኝ። ነገ ወደዚያ ነኝ፤ ግርጌዋ ላይ ያው ቁጥር ካለ ሁለቱ ከአንድ ንድፍ የወጡ ናቸው።