ያቺ የማታዋ ክኒን

የሸዋሮቢቱ አጎቴ ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር ሆዳቸው ድንገት ተነፋ። አየር አይወጣ፣ ዓይነ ምድር አይወጣ። “ብርድ ነው” ተብሎ ሁለት ቀን ዝንጅብል ጠጡ። በሦስተኛው ቀን ሪፈር ተጽፎላቸው ከይፋት ቆላ በጣርማ በር ሽቅብ ወጥተው አዲስ አበባ ገቡ። አንጀታቸው ተጠማዞ ኖሯል፤ የአገራችን ቀዶ ሐኪሞች ደህና አድርገው የሚያውቁት ጣጣ ነው። የሞተው ተቆርጦ ወጣ፣ ደህናው ከደህናው ተሰፋ።

አስታማሚው ማን ነው? የተማርኩት እኔ ነኛ! በአራተኛው ሌሊት “አንተ ልጅ፣ ቁስሉ ጨረሰኝ እኮ” አሉኝ። የታዘዘላቸው ማስታገሻ ሰዓቱ አልደረሰም። ወጣሁና ከመንገድ ማዶ ዲክሎፌናክ ገዛሁ። ማዘዣ የጠየቀኝ የለም። እኔስ ጥርሴን ባመመኝ፣ ወገቤን በያዘኝ ቁጥር ስውጠው የኖርኩት አይደል? ሦስት ሌሊት በሻይ ሰጠኋቸው። እንቅልፍ ወሰዳቸው። “አላህ ያሳድግህ” ብለው መረቁኝ።

በሰባተኛው ቀን ትኩሳት መጣ፤ ሆድም እንደገና ተነፋ። ተከፍቶ ሲታይ የአንጀቱ ስፌት ለቋል።

ሐኪሙ “ከታዘዘው ሌላ የወሰዱት መድኃኒት አለ?” አለኝ። እመኑኝ፣ ልዋሽ ምንም አልቀረኝም ነበር። ነገርኩት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እነ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመም የሚያስታግሱት ሰውነታችን ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር እንዳይሠራ በመከልከል ነው፤ ይኸው ንጥረ ነገር ግን ጨጓራን ይጠብቃል፣ የኩላሊትን የደም ዝውውር ያግዛል፣ ቁስል ሲሽርም ሥራ አለው ብሎ አስረዳኝ። በኋላ ራሴ ፈልጌ አነበብኩ። ዴንማርኮች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት 2,766 የትልቁ አንጀት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ታይተዋል። እነዚህን ማስታገሻዎች ካልወሰዱት ከመቶ 5.1፣ ዲክሎፌናክ ከወሰዱት ከመቶ 12.8 ያህሉ ስፌቱ ለቆባቸው ዳግም ተከፍተዋል። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ልዩነት ያላገኙ ጥናቶችም ስለወጡ ሐኪሞቹ ዛሬም ይከራከራሉ።

“ያንተ ክኒን ነው አልልህም” አለኝ ሐኪሙ። “በድንገተኛ የተሰፋ፣ ተነፍቶ የከረመ አንጀት በራሱም ጊዜ ይለቃል። እኔ ብሆን ግን አልሰጣቸውም ነበር።”

አጎቴ ተርፈዋል። ለወራት ሰገራቸው ሆዳቸው ላይ በተለጠፈ ከረጢት ሲወርድ ከርሞ በኋላ ተዘጋላቸው። ያን ሁሉ ጊዜ መስጊድ አልሄዱም፤ ሰው አፍረው።

ባለፈው የማሽላ አጨዳ ደወሉልኝ። ወገባቸውን ይዟቸዋል። “ያቺን የማታዋን ክኒን ላክልኝ፣ እዚህ ያለው እንደሷ አይደለም” አሉኝ። ፓራሲታሞል ላክሁላቸው። ሐኪሙ ያኔ ያለኝን እስካሁን አልነገርኳቸውም።