አዋጅ በአራዳ፤ ትናንትና ዛሬ

«አዋጁ ጸደቀ»፣ «ምክር ቤቱ በሙሉ ድምፅ ወሰነ»፣ «ረቂቁ ለቋሚ ኮሚቴ ተመራ» የሚሉትን ቃላት ከሬዲዮና ከጋዜጣ ዘወትር እንሰማለን፤ ሰምተንም ወደ ሥራችን እናልፋለን። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ እንግሊዝ ፓርላማና ስለ አሜሪካ ኮንግረስ ብንጠየቅ መጽሐፍ እየጠቀስን ብዙ እንናገራለን። ስለ ራሳችን ከተማ ምክር ቤት ግን በሻይ ቤታችን ሲወራ የሚሰማው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። እንግዲህ ዛሬ በዚህ መጽሔት ላይ ጥቂት ለማለት የተነሣነው ስለዚሁ ነገር ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግራችን በወረድን ቁጥር የተነጋገርነውን እንዳለ ለአንባቢ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ቦታው ራሱ ሊታሰብ ይገባዋል። አራዳ ገበያ በነበረበት ዘመን ሕግ የሚነገረው በአደባባይ ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፤ ገበያተኛው ይሰበሰባል፤ ነጋሪውም «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» እያለ የንጉሡን ቃል ያሰማል። ጨው የሚሸጠውም፣ አህያ የሚነዳውም፣ ለጸሎት ወደ ጊዮርጊስ የመጣውም እኩል ይሰማ ነበር። በአደባባዩ መካከል በፈረስ ላይ የተቀመጠው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. ከንግሥ በዓሉ ጋር ተገልጦ፣ በጠላት ወረራ ዘመን ተነሥቶ ተቀብሮ፣ ከነጻነት በኋላ ወደ ስፍራው የተመለሰ ነው። ከዚያ ፈንጠር ብሎ፣ የቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወጥቶ በሚያበቃበት፣ በጣሊያናዊው አርክቴክት በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ በ1950ዎቹ ዓመታት የተሠራው ማዘጋጃ ቤት ቆሟል። ስለዚህ በአራዳ ሜዳ ሁለት ዘመን ጎን ለጎን ይታያል፤ ሕግ በቃል የሚታወጅበት ዘመንና ሕግ በጽሑፍ ተረቅቆ በድምፅ የሚጸድቅበት ዘመን።

ከአንዱ ወደ ሌላው የተደረሰው በአንድ ቀን አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሲወጣ ምክር ቤት ተቋቋመ እንጂ እንደራሴዎቹን የመረጠው ሕዝቡ አልነበረም። ሕዝብ በቀጥታ የሚመርጠው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሆነ፤ ምርጫውም ከዚያ በኋላ ተደረገ። የከተሞችን ነገር ብናይ በ1937 ዓ.ም. ስለ ማዘጋጃ ቤቶች የወጣው አዋጅ ለአዲስ አበባ ጉባኤ ሰጣት፤ ነገር ግን በምርጫው ለመሳተፍ የማይንቀሳቀስ ንብረት ማስፈለጉ አልቀረም። ከንቲባውንም የሚሾሙት ጃንሆይ ነበሩ። ተከራዩ፣ ሎሌውና ተማሪው የከተማው ነዋሪ ሳሉ በከተማው ጉዳይ ድምፅ አልነበራቸውም ማለት ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ቀበሌም ተቋቋመ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 49 የአዲስ አበባ ነዋሪ ራሱን በራሱ እንዲያስተዳድር ደነገገ። ዛሬ የምናውቀው የ138 መቀመጫ ምክር ቤት የሚሠራበት ቻርተር አዋጅ ቁጥር 361/1995 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ ይኖርበታል። የክልል ምክር ቤት፣ ለምሳሌ በባሕር ዳር የሚሰበሰበው የአማራው፣ የክልሉን ሕገ መንግሥት ራሱ ያወጣል፤ ሕጎቹንም «ዝክረ ሕግ» በተባለው ጋዜጣው ያትማል። የአዲስ አበባ ምክር ቤት ግን የራሱን ሕገ መንግሥት አይጽፍም፤ ቻርተሩን የሚቀበለው ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ተጠሪነቱም ወደ ሁለት ነው፤ ወደ መረጠው ነዋሪና ወደ ፌዴራል መንግሥት። አንድ ጓደኛችን ይህን ሲሰማ «እንግዲያስ ቤት የተሰጠው ልጅ ነው እንጂ ቤት የሠራ ልጅ አይደለም» አለ። ሌላው ደግሞ «ቢሆንም ቤቱን የሚጠርገው እርሱ ነው» ብሎ መለሰለት። ሁለቱም እውነት ተናገሩ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ አዋጅ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከአስፈጻሚው በኩል ነው። አንድ ቢሮ ችግር አለ ብሎ ረቂቅ ያዘጋጃል፤ የሕግ ሰዎች ያዩታል፤ የከተማው ካቢኔ መክሮበት ከማብራሪያ ጋር ወደ ምክር ቤቱ ይልከዋል። አፈ ጉባኤው በአጀንዳ ያስይዛል። በጉባኤው ዕለት አስቀድሞ ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱ ይረጋገጣል፤ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ መገኘት አለባቸው። ቀጥሎ ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይጸድቃል፤ የዕለቱ አጀንዳም እንዲሁ። ከዚያ ሪፖርት ይደመጣል፤ ጥያቄ ይቀርባል፤ ሹመት ይጸድቃል። የረቂቁ ተራ ሲደርስ ዓላማው ተነብቦ ጉዳዩ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው አንቀጽ በአንቀጽ ይመረምረዋል፤ ባለሙያና ጉዳዩ የሚነካውን ወገን ጠርቶ ያነጋግራል፤ ማሻሻያውንም ጨምሮ የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል። ጉባኤው ይወያያል፤ ድጋፍ፣ ተቃውሞና ድምፀ ተአቅቦ ይቆጠራል። የጸደቀው ረቂቅ በከንቲባው ፊርማ «አዲስ ነጋሪ ጋዜጣ» ላይ ይወጣል።

ከመካከላችን አንዱ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሳቀ። «ይህ ሁሉ ሥርዓት ለምን አስፈለገ? መጨረሻው እጅ ማውጣት አይደለምን?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው ከብዙ ሰው አፍ የሚሰማ ስለሆነ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እጆች በአንድነት ሲወጡ በቴሌቪዥን ያየ ሰው «እነዚህ ሰዎች መቼ አሰቡ?» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ጠላ የሚጠመቀው በጓዳ ነው፤ እንግዳው የሚያየው ዋንጫውን ብቻ ነው። ረቂቅ የሚለወጠው፣ አንቀጽ የሚወጣውና የሚገባው፣ «ሊቀጣ ይችላል» የሚለው «ይቀጣል» የሚሆነው በኮሚቴ ነው። ስለዚህ ሕጉ እንዲሻሻል የሚፈልግ ሰው ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ቢጮህ ጠላው ከተጠመቀ በኋላ ጌሾ እንደሚያመጣ ሰው ይቆጠራል። ይህን ስንል ጓዳው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው ማለታችን አይደለም። ጓዳ በሩ ከተዘጋ ውስጡ ምን እንደሚጠመቅ ማን ያውቃል? እጅ የሚያወጡት ሰዎች ሁሉ የአንድ ፓርቲ ሰዎች ሲሆኑ ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል፤ በአዳራሹ ውስጥ «ለምን?» የሚል ከጠፋ «ለምን?» ማለት ከአዳራሹ ውጭ ባለው ሰው ላይ ይወድቃልና።

ስለ በጀትም ጥቂት እንበል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር የከተማው በጀት በዓመቱ መጨረሻ ለምክር ቤቱ ይቀርባል። ለ2016 ዓ.ም. የጸደቀው 140 ቢሊዮን ብር ያህል ነበር፤ ለ2017 ዓ.ም. ከ230 ቢሊዮን በላይ ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሲጨምር ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከግብር፣ ከቦታና ከልዩ ልዩ አገልግሎት ክፍያ ነው። ከፋዩ ማን ነው? ቸርቻሪው፣ ቤት አከራዩ፣ በአከራዩም በኩል ተከራዩ፤ ከተከራዮቹም መካከል በአንዲት ክፍል ለአራት የምንኖረው እኛ እንገኛለን። እንግዲህ በጀት የባለሥልጣን ወሬ ብቻ አይደለም፤ የእኛ ሽሮ ዋጋም በውስጡ አለበት።

አንድ ቀን ከግቢያችን በር ማዶ ቡና የሚያፈሉልን እናት መቀጫ የተጻፈበት ወረቀት አሳዩን። በርጩማዎቹን እግረኛ በሚያልፍበት ላይ ስለ ዘረጉ ነው። እርሳቸው መቀጣታቸውን አልተከራከሩም። «ልጆቼ፣ መንገድ መዝጋት ጥፋት ነው፤ እሺ ብያለሁ። ግን እናንተ የተማራችሁ ናችሁና ይህን ሕግ ያወጣው ማነው? መቼስ ነው የተነገረው?» አሉን። «እማማ፣ ይህ አዋጅ አይደለም፤ ደንብ ነው» አልናቸው። አዋጅ የሚወጣው በምክር ቤቱ ነው፤ ደንብ ግን አዋጁ በሰጠው ሥልጣን ካቢኔው ያወጣዋል፤ ከዚያ በታች ቢሮዎች የሚያወጡት መመሪያ አለ። እማማ ጥቂት ዝም ብለው፣ «እንግዲያው የመረጥኩት ሰው ትልቁን ያወጣል፤ እኔን የሚያገኘኝ ትንሹ ነው» አሉ።

ይህን ቃል ከብዙ የሕግ መጽሐፍ ይልቅ አስበነዋል። በእውነትም ለድኻው ቅርብ የሆነው ሕግ ትንሹ ሕግ ነው። አዋጁ ጠቅላላውን ነገር ይናገራል፤ የቅጣቱን ልክ፣ የሰዓቱን ገደብ፣ የቦታውን ስፋት የሚወስኑት ደንብና መመሪያ ናቸው። እነዚህ ደግሞ በጉባኤ ፊት ክርክር አይደረግባቸውም። እንግዲህ የእንደራሴ ሥራ አዋጅ በማጽደቅ ብቻ አያልቅም፤ ከአዋጁ ሥር የበቀለውን ሁሉ መከታተልና አስፈጻሚውን ጠርቶ መጠየቅ ይኖርበታል። ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ የሚያቋቁመው ረቂቅ ለመመርመር ብቻ ሳይሆን ለዚህም ጭምር ነው።

ረቂቅ ሁሉ አዋጅ አይሆንም፤ በመንገድ የሚሞትም አለ። ከእኛ በፊት በዚህ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማው ሲሰለፉ፣ በምክር ቤቱ ፊት የነበረው ጉዳይ የጭሰኛና የባለመሬት ውል ነበር። ረቂቁ በየጊዜው እየተነሣ እየወደቀ ዓመታት አለፉ እንጂ ከቶ አልጸደቀም፤ በምክር ቤቱ ከተቀመጡት ብዙዎቹ ራሳቸው ባለመሬት ነበሩና። በመጨረሻ የገጠር መሬት ነገር የተወሰነው በእንደራሴዎች ክርክር ሳይሆን በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወታደራዊው መንግሥት አዋጅ ነው። ከዚህ የምንማረው አለ፤ ምክር ቤት በጊዜው መሥራት የሚገባውን ሕግ ሳይሠራ ሲቀር ጉዳዩ አይጠፋም፤ ሌላ እጅ ያነሣዋል፤ ያም እጅ ድምፅ አይቆጥርም።

ወንበር ባዶ ሲሆንም እንዲሁ ነው። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ ቅንጅት ከ138ቱ መቀመጫ 137ቱን አሸነፈ፤ ከምርጫው በኋላ በተፈጠረው ውዝግብ ግን ተመራጮቹ ምክር ቤቱን ሳይመሠርቱ ቀሩ። ከተማይቱም በፌዴራል መንግሥት በተሰየመ ባለአደራ አስተዳደር እስከ 2000 ዓ.ም. ምርጫ ድረስ ቆየች። ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እንተወው። ለእኛ የሚበቃን ነዋሪው ድምፁን ሰጥቶ ሳለ ሦስት ዓመት ያህል ያለ እንደራሴ መቆየቱን ማስታወስ ነው። ቆሻሻው ተነሣ፣ ግብሩ ተከፈለ፣ ውሃው አንዳንዴ መጣ አንዳንዴ ቀረ፤ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ተመራጭ ግን አልነበረም።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ የፒያሳ መልክ ራሱ ተለውጧል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በአደባባዩ አጠገብ ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ የቆዩ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሠፈር ሄዱ። ስለ ልማቱ መልካምነትና ጉዳት ከመካከላችን ሁለት ሐሳብ አለ፤ መንገዱ ሰፋ የሚል አለ፤ ዕድሩ ተበተነ የሚል አለ። በአንድ ነገር ግን ሁላችንም ተስማማን። በሰኔ 2013 ዓ.ም. በአራዳ ቆሞ ድምፁን የሰጠ ሰው ወደ ከተማው ዳር ከሄደ በኋላ፣ እንደራሴዬ የሚለው ማንን ነው? የድሮ ሠፈሩ ተመራጭ መራጮቹን አጣ፤ የአዲሱ ሠፈር ተመራጭ ደግሞ አያውቀውም። ሰው ከቤቱ ሲነሣ ዕቃው በመኪና ይጫናል፤ ድምፁ ግን የሚጫንበት መኪና የለም። ለዚህ ሥርዓት ሊበጅለት ይገባል እንላለን።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ነጋሪት በአራዳ ሲጎሰም ሕዝቡ ሕጉን ይሰማ ነበር፤ በማውጣቱ ግን እጅ አልነበረበትም። ዛሬ በማውጣቱ እጅ አለህ ይባላል፤ የሚሰማው ግን ጥቂት ነው። ከዚያ ዘመን ጆሮውን፣ ከዚህ ዘመን እጁን ወስደን ብናጋጥም ምን ይጎዳናል? ሥራው የሚያስፈራ አይደለም። ከየትምህርት ክፍሉ አምስት አምስት ሰው አንድ ረቂቅ ይያዝ፤ ከየትኛው ኮሚቴ እንደ ተመራ ይጠይቅ፤ ለኮሚቴው አሳቡን በደብዳቤ ይጻፍ፤ ሲጸድቅ ከጋዜጣው አንብቦ በዚህ መጽሔት በቀላል አማርኛ ያስረዳ። ከአዋጁ ቀጥሎ የሚወጣውንም ደንብ አይርሳ፤ እማማን የሚያገኛቸው እርሱ ነውና።

ይህን ከማድረጋችን በፊት ግን የራሳችንን ኅብረት ስብሰባ እንመልከት። ቃለ ጉባኤ ይነበባልን? የማኅበሩ ሣንቲም ሲቆጠር ጠያቂ አለን? የጥቂቶች ሐሳብ ሳይቋረጥ ይደመጣልን? በትንሹ ጉባኤ ያልለመደ በትልቁ አይችልም። ነገ ከእኛ መካከል አንዱ ከ138ቱ ወንበሮች በአንዱ ይቀመጥ ይሆናል፤ ያን ጊዜ እጁን ከማውጣቱ በፊት ወረቀቱን ያነበበ ሰው እንዲሆን ንባቡን ከዛሬ ይጀምር።