ከመተማ እስከ ኡም ጋርጉር፤ የሽመላ መንገድ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል በኩል ወደ ምዕራብ የሚያመራው መንገድ ከደጋው ወደ ቈላው ሲወርድ፣ ተጓዡ በመጀመሪያ ካፖርቱን፣ ቀጥሎም ሹራቡን ያወልቃል። ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው አምባ የተነሣ ሰው ገንዳ ውሃን አልፎ መተማ ዮሐንስ ሲደርስ 700 ሜትር ግድም ወደሆነ ቈላ ወርዶ ራሱን ያገኘዋል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. የወደቁበት ምድር ይህ መሆኑን ለሠራዊታችን አባላት መናገር ለቀባሪው አረዱት ስለሚሆን፣ ዛሬ ስለ ምድሩ ሳይሆን ከምድሩ በላይ ስላለው ሰማይ ማውሳትን መርጠናል።

ከመተማ ማዶ ገላባት አለች። ከገላባት እስከ ገዳሪፍ ከተማ 150 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው አገር ዐይን የሚያርፍበት ኮረብታ ብርቅ የሆነበት ጥቍር የመረሬ ሜዳ ነው። በክረምት ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ በበጋ መሬቱ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በዚህ ሜዳ በትራክተር ማረስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሲሆን፣ ሱዳን በማሽላና በሰሊጥ ከምትታወቅባቸው አገሮቿ ዋነኛው ይኸው የገዳሪፍ ግዛት ነው። ኡም ጋርጉርም የሚገኘው በዚሁ ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ከኤርትራ ጦርነት ሸሽተው ለመጡ ስደተኞች የተመሠረተ ሰፈር ሲሆን፣ ለጊዜው ተብሎ የተቀለሰው ጎጆ ልጅና የልጅ ልጅ አይቶበታል።

የእኛ ግዳጅ ከወሰኑ ላይ ስለሚያበቃ ኡም ጋርጉርን በእግራችን አልረገጥነውም። ያየነው በአንድ አዛውንት አንደበት ነው። እኒህ ሰው ገና ልጅ ሳሉ ወላጆቻቸውን ተከትለው ኡም ጋርጉር ገብተው፣ እዚያው አድገው፣ እዚያው ወልደው፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ስደት ወጥተው መተማ የደረሱ ናቸው። ከገበያው ዳር ጀበና ጥዶ ከሚሸጥ ቤት አብረናቸው ተቀምጠን ሳለ፣ «አባባ፣ በእናንተ አገር ሽመላ ይታያል?» ብለን ብንጠይቃቸው ሣቁ።

«ልጆቼ፣ ሽመላ ሁለት ናት፤ ባለቤትና እንግዳ» አሉን። ባለቤቲቱ ጀርባዋ ጥቍር፣ ሆዷ ነጭ ሆና በዐረብኛ ሲምቢሪያ የምትባለው ናት። ዝናብ ሊጥል ሲል በግንቦት ገደማ ትመጣለች፤ ከጎጆው ጕልላት ላይ ጭራሮ ከምራ ትወልዳለች። በእርሷ ላይ ድንጋይ የወረወረ ልጅ እናቱ እጅ ሳይገባ አያድርም፤ ዝናቡን ይዛው የመጣችው እርሷ ናትና። ዝናቡ ሲያባራ ጫጩቶቿን አስከትላ ወደ ደቡብ ትሄዳለች። እንግዳይቱ ግን ነጭ ናት፤ የክንፏ ጫፍ ብቻ ጥቍር፣ ምንቃሯና እግሯ ቀይ። በመስከረም ከሰሜን መጥታ ማሳው ላይ ትሰፍራለች፤ ፌንጣውን ትለቅማለች፤ ጎጆ ግን አትሠራም። አዛውንቱ ይህን ካሉ በኋላ ጥቂት ዝም ብለው፣ «እርሷ እንግዳ ነኝ ብላ በጊዜዋ ትሄዳለች። እኛም የመጣነው ለአንድ ክረምት ነበር» አሉ።

ያልተማሩት አዛውንት የነገሩን ከተመራማሪዎች መጽሐፍ ጋር አንድ ነው። ባለቤት ያሏት ወፍ በሳይንስ ስሟ የአብዲም ሽመላ ትባላለች፤ አብዲም የዶንጎላ ገዥ የነበረና ጀርመናዊውን አሳሽ ኤድዋርድ ሩፔልን በጉዞው የረዳ ቱርካዊ ሹም ነው። እንግዳ ያሏት ደግሞ በአውሮፓ መንደሮች ጣሪያና የጭስ መውጫ ላይ የምትፈለፈለው ነጭ ሽመላ ናት። ሽመላ ክንፏን እያርገበገበች ብዙ መንገድ አትሄድም፤ ከተሞቀ ምድር በሚነሣው አየር ላይ ክንፏን ዘርግታ እየተሽከረከረች ትወጣና ቍልቍል እየተንሸራተተች ትገሰግሳለች። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማይነሣ ሜዲትራኒያንን ማቋረጥ ትፈራለች። በዚህም ምክንያት የምሥራቅ አውሮፓ ሽመሎች በቦስፎረስ ዞረው፣ በእስራኤልና በሲና በኩል አልፈው፣ የዓባይን ሸለቆ ይዘው ሱዳን ይገባሉ። በእስራኤል ሰማይ ብቻ በየዓመቱ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነጭ ሽመሎች ያልፋሉ። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ ክንፋቸውን ሰብስበው ሳምንታት የሚያርፉበትና የሚወፍሩበት አንዱ ስፍራ የምሥራቅ ሱዳን ሜዳ ነው። ብዙዎቹ ከዚህ ተነሥተው እስከ ደቡብ አፍሪካ ይዘልቃሉ፤ በየካቲትና በመጋቢት ሲመለሱም በዚሁ አቅጣጫ ያልፋሉ።

ይህ እንዴት ታወቀ? ጥንት በአውሮፓ ወፎች ክረምቱን ከጭቃ ሥር ተኝተው ያሳልፋሉ የሚሉ ምሁራን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1822 ግን በሰሜን ጀርመን ክሉትስ በተባለ ስፍራ አጠገብ የተገደለች አንዲት ሽመላ አንገቷን ሰንጥቆ ያለፈ የአፍሪካ ጦር ይዛ ተገኘች። ያ ጦር ከነወፏ ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1899 ሞርተንሰን የተባለ የዴንማርክ መምህር ቍጥርና አድራሻ የተቀረጸበት ቀለበት በወፍ እግር ላይ ማሰርን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ በጀርመን አገር በሎቡርግ «ልዕልት» የተባለች ሽመላ በጀርባዋ የሬዲዮ መሣሪያ ተሸክማ ተለቀቀች፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2006 በደቡብ አፍሪካ ሞታ እስክትገኝ ድረስ ከዓመት ዓመት ጉዞዋ በሳተላይት ተከታትሏል። ጦሩ የነገረን መነሻና መድረሻን ብቻ ነበር፤ መሣሪያው በመካከል ያለውን ማረፊያ ሁሉ አሳየ።

የቤተሰብ ጉብኝታችንም የተዘጋጀው ይህንኑ በዐይን ለማየት ነው። በአንድ የጥቅምት እሑድ፣ ከኬላው ተረኞች በቀር፣ ባልና ሚስት እየሆንን በአንድ ኡራል መኪና ተጭነን ወጣን። የመራን በባሕር ዳር ወፍ አስጐብኚነት የተማረ ወጣት ነው። የጣና ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ከተመዘገበ ወዲህ በዚያ አካባቢ ወፍ የሚያስጐበኙ ወጣቶች አሉ፤ ከፊንላንድና ከኢስቶኒያ የሚመጡትን፣ የውጭ ሰዎች ክሬን የሚሏቸውን ባለ ረጅም እግር ወፎች ለማየት እንግዳው በጀልባና በእግር ይጓዛል።

አስጐብኚው በመጀመሪያ ያዘዘን ፀሐይን ከጀርባችን እንድናደርግ፣ ቀጥሎም ሴቶቹ ነጭ ነጠላቸውን እንዲያጥፉ ነው። የደንብ ልብሳችን ለወፍ እይታ የተሠራ ይመስል የሚመሰገንበት ቀን ደረሰ። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው እንደ ጎጆ ተደጋግፎ ከቆመበት ማሳ ዳር ስንደርስ፣ ያየነው ነጭ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ላየ ሰው ታጥቦ የተሰጣ ልብስ ይመስላል። ሽመሎቹ ቀስ እያሉ፣ እንደ ሽማግሌ እየተራመዱ፣ ከቃርሚያው ውስጥ ፌንጣ ይለቅማሉ። አንዷ ቀና ስትል ሌላዋ ታጎነብሳለች። ቃፊር እንዳላቸው ለማወቅ ወታደር መሆን አያስፈልግም፤ እኛ ግን ቶሎ አየነው።

ከዚያ ቈጠራ ሆነ። አስጐብኚው ዐሥሩን ቈጥሮ ስፋቱን በዐይን መያዝ፣ ከዚያም በዚያ መለኪያ መንጋውን መከፋፈል እንደሚገባ አሳየን። እኛ በመድፍ ምልከታ የሠለጠንን መኮንኖች 500 ብለን ገመትን። የአንድ ሃምሳ አለቃ ባለቤት 340 አለች። አስጐብኚው አንድ በአንድ ቈጥሮ 352 አገኘ። «ማታ ማታ ጫጩት ጭልፊት ወስዶባት እንደሆነ የምትቈጥር ሴት ናት» ብሎ ባሏ ኰራ። ቍጥሩ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና ስፍራው በመዝገቡ ሰፈረ። ለተመራማሪው ትልቁ ነገር ይህ መዝገብ ነው፤ ወፉ ከቦታው ቢጠፋ መጥፋቱ የሚታወቀው ቀድሞ የቈጠረ ሰው ሲኖር ብቻ ነውና።

በቴሌስኮፑ አንዷ ሽመላ ከጕልበቷ በላይ ጥቍር ቀለበት አድርጋ ታየች፤ ነጫጭ ፊደሎቹ ተነበቡ፤ ተጻፉ። በዚህ ጊዜ ከመካከላችን አንድ ወታደር ዝም አለ። ከዚያም ከኪሱ የቍልፍ መያዣውን አውጥቶ ለአስጐብኚው ሰጠው። ከቍልፎቹ ጋር የተንጠለጠለው የብረት ቀለበት ከሦስት ዓመት በፊት ከሞተች ሽመላ እግር የፈታው ነበር፤ ሂደንዜ፣ ጀርማኒያ የሚል ጽሑፍና ቍጥር አለው። ሂደንዜ የምሥራቅ ጀርመን ወፎች ቀለበት የሚመዘገብበት ጣቢያ ነው። ቍጥሩ ተላከ። በመጣው መልስ መሠረት ሽመላይቱ ጫጩት ሳለች ከጎጆዋ ቀለበት የታሰረላት ስትሆን፣ በመዝገቧ ላይ ከዚያች ቀን በኋላ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ቀለበቱን ያሰረላት ሰው ዕድሜዋንና የሞተችበትን ስፍራ ያወቀው ከእኛ ኬላ ነው። ወታደሩ ደብዳቤውን ለባለቤቱ እንዲነበብላት ጠየቀ፤ እርሷም፣ «ለሦስት ዓመት የሰው ደብዳቤ ኪስህ ይዘህ ዞርክ ማለት ነው» አለችው።

ወፍ ማየት የቦዘኔ ፈረንጅ ሥራ ነው የሚል አሳብ በሰፈራችን መኖሩን እናውቃለን። በዚህ አገር ቀድመው የመጡት ወፍ ወዳዶች ጠመንጃ የያዙ እንደነበሩም አይካድም፤ ሰር ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861ና በ1862 በአትባራና በሰቲት ወንዞች ዳር ሲመላለስ ያየውን አውሬ ሁሉ ይተኵስ ነበር። የዛሬው ግን ሌላ ነው። ሠራዊትን የሚመለከት አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በእስራኤል የጦር አውሮፕላኖች ከሚያልፉ ወፎች ጋር እየተጋጩ ብዙ ጕዳት ይደርስ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዮሲ ሌሼም የተባለው ተመራማሪ ከአየር ኃይሉ ጋር ሆኖ በቈጣሪዎች፣ በራዳርና ሞተር ባለው ተንሸራታች አውሮፕላን የወፎቹን ሰዓትና ከፍታ አጠና። በረራው በዚያ መሠረት ሲስተካከል ግጭቱ በ76 በመቶ ቀነሰ። በዚያው አገር በኤላት ከ2014 ጀምሮ ከየአገሩ የሚመጡ ቡድኖች በአንድ ቀን ብዙ ዓይነት ወፍ ለማየት ይወዳደራሉ፤ የሚሰበስቡት ገንዘብም በወፎቹ መንገድ ላይ የሚደረገውን ሕገ ወጥ ግድያ ለመከላከል ይውላል።

ሱዳን ራሷ የምታሳየን መራራ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በፖርት ሱዳን አጠገብ የተዘረጋ አንድ የኤሌክትሪክ መስመር ከአውሮፓና ከእስያ የሚወርዱትን ነጫጭ ጥንብ አንሳዎች በየምሰሶው ሥር እየገደለ ይጥል ነበር። ነገሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ ተመራማሪ ከምሰሶዎቹ ሥር ሬሳውን ስለቈጠረ ነው። መስመሩ የተዘጋው ግን በ2014 ነው። ቈጠራው ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድሞ ነበር ማለት ነው።

ለእናቶች በተለይ የምንለው አለን። ግሪሳ ማሽላውን ሲወር ከአውሮፕላን የሚረጨው ፌንቲዮን የተባለው መድኃኒት የግሪሳውን ብቻ አይገድልም፤ በመድኃኒቱ የሞተውን ወይም የደከመውን የሚበላ ሽመላና ጭልፊትም ይሞታል። ከርጭት በኋላ መሬት ላይ የወደቀ ወፍ ለመብል መልቀም እጅግ አደገኛ ነው። ልጆች እንዲህ ያለ ወፍ ይዘው ሲመጡ እጃቸውን በሳሙና አስታጥቦ ወፉን መቅበር ይገባል። ሽመላዋ ተምችና አንበጣ የምትለቅም ሆና ሳለ በዚሁ መርዝ ማለቋ ለገበሬው ኪሣራ መሆኑን አስጐብኚያችን ደጋግሞ ተናግሯል።

የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክና እ.ኤ.አ. በ1935 የተከለለው የሱዳኑ ዲንደር ወሰን ለወሰን የተያያዙ ናቸው። ወፎቹ ማዶ ለማዶ ይመላለሳሉ፤ ጐብኚ ግን አይመላለስም። አዛውንቱ ሰላም ከወረደ የኡም ጋርጉርን ማሳ ሊያሳዩን ቃል ገብተውልናል። ጎጆአቸው ቆሞ እንደሆነ አያውቁም፤ ሲምቢሪያዋ ግን በግንቦት ከጕልላቱ ላይ ትኖራለች ባይ ናቸው።

ቀለበት ያለው ወፍ ያየ አባል፣ ወፉ በሕይወት ካለ ቀለበቱን ሳይነካ ፊደሉንና ቍጥሩን በመነጽር አንብቦ ይጻፍ። ወፉ ሞቶ ከተገኘ የቀለበቱን ጽሑፍ ከነአገሩ ስም፣ ቀኑንና ስፍራውን መዝግቦ ለቤተሰብ ዐምድ አዘጋጆች ያስረክብ፤ እኛ እ.ኤ.አ. በ1966 ለተመሠረተው ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እናደርሳለን። የመልሱ ጕብኝት ሽመሎቹ ወደ ሰሜን በሚያልፉበት በየካቲት ይደረጋል። መነጽሮቹ ስድስት ብቻ ስለሆኑ ለሁለት ቤተሰብ አንድ ይደርሳል፤ የሃምሳ አለቃው ባለቤት ቈጣሪ ሆና ተመድባለች።