የትኛውን ብዕር ልላክልዎት?



ፕላቲነም የሚባል የጃፓን የብዕር ፋብሪካ አለ። ቀለም እየተሞላ ከሚጻፍባቸው ብዕሮቹ መካከል አንዱ ፕሬፒ ይባላል፦ ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ፣ የማይዝግ ብረት ጫፍ፣ ዋጋው ከ10 ዶላር በታች። ሌላው 3776 ሴንቸሪ ይባላል። ቁጥሩ የፉጂ ተራራ ከፍታ ነው፣ በሜትር። የእርሱ ጫፍ ባለ 14 ካራት ወርቅ ነው፤ በአንዱ ዋጋ ፕሬፒውን ለአንድ ሙሉ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን ማደል ይቻላል።

ከሩቅ ለሚያያቸው አንዱ የተማሪ፣ ሌላው የሚኒስትር ይመስላል። ከውስጥ ግን ብዙ ይጋራሉ። የእንዲህ ዓይነት ብዕር ዋና ጠላት ቀለሙ ጫፉ ላይ መድረቁ ነው። በውዱ ብዕር ክዳን ውስጥ በሞላ የሚገፋ ሌላ ትንሽ ክዳን አለ፤ ጫፉ ላይ ግጥም ብሎ አየር ይከለክላል፤ ብዕሩ ለወራት ተቀምጦ እንኳ ሲከፈት ይጽፋል። ፋብሪካው ይህንኑ ዘዴ በርካሹም ክዳን ውስጥ አስገብቶታል። የሚሞላላቸው ቀለምም አንድ ዓይነት ነው።

የወርቁ ነገር ደግሞ ይገርማል። ወርቅ ለብዕር የተመረጠው ለጌጥ ብቻ አልነበረም። የድሮው ቀለም አሲድነት ስለነበረው ተራውን ብረት ይበላው ነበር፤ ወርቅን ግን አይደፍረውም። ዛሬ የማይዝግ ብረት አለ፤ የምንጠቀምበት ቀለምም እንደ ድሮው ኃይለኛ አይደለም። ከዚህም በላይ ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ በወረቀት ላይ ሲመላለስ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ጫፉ ላይ የጤፍ ቅንጣት የምታህል፣ እጅግ ጠንካራ የሆነች ሌላ ብረት ትበየድበታለች። ወረቀቱን የምትነካው ያቺ ቅንጣት ናት። ወርቁ ወረቀቱን አይነካም። (ይህን ሳነብ አንድ ስብከት መጥቶልኝ ነበር፤ ለጊዜው ትቼዋለሁ።)

እነዚህን ሁለት ብዕሮች ያወቅኋቸው በቤተ ክርስቲያናችን ባደገ፣ አሁን አሜሪካ በሹፍርና በሚተዳደር ወንድም በኩል ነው። ስብከቴን በእጄ እንደምጽፍ ያውቃል። ኮምፒውተር ሳይኖረኝ ቀርቶ አይደለም፤ እጄ ሲዘገይ ሐሳቤም ይዘገያል፣ ሐሳቤ ሲዘገይ ክፍሉን ደግሜ አነበዋለሁ። የሁለቱን ፎቶ ልኮ «ፓስተር፣ የትኛውን ልላክልዎት? እኔ ሁለተኛውን ነው የወደድኩልዎት» አለኝ። ሁለተኛው ወርቁ ነው። ሦስት ቀን አልመለስኩለትም።

መንፈሳዊ ለመምሰል ርካሹን መምረጥ ቀላል ነው። ነገር ግን ውድ ነገር ሁሉ ኃጢአት ነው የሚል ትምህርት ከመጽሐፍ ቅዱስ አላገኘሁም። ማርያም በቢታንያ በጌታ እግር ላይ ያፈሰሰችው ሽቱ የአንድ ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ ያህል የሚያወጣ ነበር፤ ጌታም እርሷን ሳይሆን ነቃፊዋን ገሠጸ (ዮሐንስ 12)። እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ የሞላው በወርቅና በብር ጭምር እንዲሠራ ነው (ዘጸአት 31)። ጳውሎስም በእስር ሆኖ ሞቱን እየጠበቀ ሳለ መጻሕፍቱን፣ ይልቁንም ብራናዎቹን እንዲያመጣለት ጢሞቴዎስን ለመጠየቅ አላፈረም (2 ጢሞቴዎስ 4፥13)። ለመጻፊያ ዕቃ መጓጓት የእኔ ብቻ ድካም አይደለም ማለት ነው።

በሌላ በኩል የምንኖርበትን ዘመን አውቃለሁ። ለአገልጋይ የሚሰጥ ስጦታ ከሸሚዝ ወደ ሰዓት፣ ከሰዓት ወደ መኪና አድጓል። ሰጪው በረከት ይጠብቃል፣ ከተቀባዩም ትንቢት ይጠበቅበታል፣ በመካከል ጸጋው ዋጋ ይለጠፍበታል። ይህ ወንድም እንዲህ አላሰበም፤ ልቡን አውቀዋለሁ። ግን ጳውሎስ የፊልጵስዩስን ሰዎች ስጦታ በደስታ ሲቀበል፣ በቆሮንቶስ ሳለ ከቆሮንቶሳውያን አልተቀበለም (2 ቆሮንቶስ 11፥9)። ሁለቱንም ይወዳቸው ነበር። የሚመዝነው መቀበሉ ለወንጌል ምን እንደሚያደርግ ነበር። እኔም ጥያቄውን ከብዕሮቹ ላይ አንሥቼ ወደ ጠረጴዛዬ ወሰድኩት።

በዚያ ጠረጴዛ ፊት ማን ይቀመጣል? ባሏ የሞተባት እናት ለልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ እርዳታ ልትጠይቅ ትመጣለች፤ ማመልከቻው ላይ እንድትፈርም ብዕር የምሰጣት እኔ ነኝ። በጋብቻ ቀን ከምስክሮቹ አንዱ ሁልጊዜ ብዕር ረስቶ ይመጣል። ፊደል በስተርጅና የቆጠሩ አንድ አባትም አሉ፤ ስማቸውን ሲጽፉ ወረቀቱ እስኪቀደድ ይጫኑታል። ደስታቸውን ብታዩ! ወርቁ በኪሴ ቢኖር ለእርሳቸው ከመሳቢያዬ ሌላ እስክሪብቶ ፈልጌ እሰጣለሁ፤ አውቃለሁ። ደግሞም ልክ እሆናለሁ፤ የወርቅ ጫፍ እንዲያ ሲጫኑት ይጣመማል። አባታችን ግን ያዩትን አይተዋል፦ ለፓስተሩ ሌላ ብዕር፣ ለእርሳቸው ሌላ።

ስለዚህ ርካሹን መረጥኩ። ርካሽ ብዕር ትሑት እንደማያደርገኝም አልዘነጋሁም፤ ያረጀ ጫማውን ሰው እንዲያይለት እግሩን የሚዘረጋ አገልጋይ አይቻለሁ። ደግሞ የማስታወሻ ደብተሬ ወረቀት ቀለም ስለሚጠጣ የወርቁ ልዩነት እዚያ ላይ ጎልቶ አይታይም ነበር። ጤርጥዮስ የሮሜን መልእክት በምን ዓይነት ብዕር እንደ ጻፈው ማንም አልነገረንም። ስሙና ሰላምታው ግን ደርሶናል (ሮሜ 16፥22)።

ለወንድሜ መልሱን ስጽፍ «የተረፈውን ገንዘብ ለድሆች ስጥ» የሚለው ሐሳብ መጣልኝ። ቢታንያ ላይ ይህን ሐሳብ ያነሣው ማን እንደ ነበረ፣ ከረጢቱንም የያዘው ማን እንደ ነበረ ሳስታውስ ተውኩት። ገንዘቡ የወንድሜ ነው፤ ሌሊት እየነዳ ያገኘው ነው። ምን እንደሚያደርግበት ከጌታው ጋር ይነጋገር። እኔ የጻፍኩለት ፍቅሩን እንደ ተቀበልኩ፣ የፈለግሁት ፕሬፒውን እንደ ሆነ፣ ከቻለም ሁለት እንዲልክልኝ ነው፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ከጠረጴዛው ማዶ ለሚቀመጠው። ቀለሙንም ሰማያዊ አድርገው አልኩት፤ በጥቁር የተፈረመ ከፎቶ ኮፒ ጋር ይምታታል።