በሞዴስ ጠርዝ ላይ ያለው ብየዳ

አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ሞዴስም ሆነ ዳይፐር በመርፌና በክር አይሰፋም። ንብርብሮቹ የሚያያዙት በሙጫ፣ በጋለ ብረት ወይም በአልትራሳውንድ ብየዳ ነው። የመጨረሻው ብልጭታም እሳትም የለውም፤ የሚሠራው የሰው ጆሮ በማይሰማው ንዝረት ነው። ከገጠር ቀበሌዋ ከቁሐር ሚካኤል ወደ ወረታ ከተማ ገበያ ወጥታ እሽግ የምትገዛ ተማሪ የሞዴሱን ጠርዝ ልብ ብላ ብታይ፣ ብዙውን ጊዜ በረድፍ የታተሙ ጥቃቅን ጉድጓዶች ታገኛለች። ጨርቁ የተያያዘው እዚያ ላይ ነው። እነዚያ ነጥቦች ከላሉ ሞዴሱ ክፍል ውስጥ ሳለች ይፈታል፤ ከመጠን በላይ ከቀለጡ ደግሞ ጠርዙ ይደርቅና ቆዳ ይልጣል።

በአልትራሳውንድ ብየዳ ኤሌክትሪክ ልዩ ሴራሚክን በሰከንድ 20 ሺህ ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ያንቀጠቅጠዋል። ንዝረቱ ሶኖትሮድ ወደሚባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቲታኒየም ወደሚሠራው አካል ይተላለፋል። ከፊት ለፊቱ ጥርስ ያለው የብረት ከበሮ ይሽከረከራል። ስሱ ያልተሸመነ ጨርቅ በመካከላቸው ሲያልፍ የሚግለው ጥርሶቹ ያረፉበት ቦታ ብቻ ነው። ጨርቁ የሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን በ160 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሚቀልጥ ንብርብሮቹ እዚያው ይዋሐዳሉ። ሙጫ አይገዛም፤ ማሽኑም እስኪግል አይጠበቅም።

ችግሩ ያለው በሶኖትሮዱና በከበሮው መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው። በካሬ ሜትር 15 ግራም የሚመዝን ጨርቅ ሁለት ንብርብር፣ አየሩ ወጥቶ ቢጠጥር ውፍረቱ 33 ማይክሮን ገደማ ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ሠላሳ ቦታ ተከፍሎ አንዱ እጅ ማለት ነው። በሌላ በኩል 125 ሚሊ ሜትር የሚረዝም የቲታኒየም ሶኖትሮድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 32 ማይክሮን ያህል ይረዝማል። ጠዋት ማሽኑ ሳይግል በትክክል የተለካው ክፍተት ረፋድ ላይ ሙሉ በሙሉ ሊዘጋ ይችላል። ያኔ ጨርቁ ይበሳል፤ ብረት ከብረት ከተነካካም ውዱ ሶኖትሮድ ይጎዳል። ማዘንበልም እንዲሁ ነው። 150 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሶኖትሮድ በአንድ ዲግሪ መቶኛ ብቻ ቢያዘነብል በሁለቱ ጫፎቹ መካከል የ26 ማይክሮን ልዩነት ይፈጠራል፤ አንዱ ዳር ሲቃጠል ሌላው ሳይያያዝ ያልፋል። በደቂቃ 600 ሞዴስ በሚያወጣ መስመር ላይ ቴክኒሻኑ ጉድለቱን ለማየት አንድ ደቂቃ ቢዘገይ 600 ብልሽት ከማሽኑ ይወጣል።

በወረታ የሩዝ መፈልፈያ ቤቶች ኦፕሬተሩ የሚወጣውን ሩዝ በመዳፉ ዘግኖ ያያል፤ ሩዙ ከተሰባበረ ያላላል፣ ገለባው ካልለቀቀ ያጠብቃል። እዚያ ዓይንና እጅ ይበቃሉ። የሞዴስ ብየዳም ለረጅም ጊዜ የተስተካከለው በዚሁ መንገድ ነው፦ ስስ የብረት መለኪያ አስገብቶ፣ ብሎን አጥብቆ፣ ማሽኑን አስነስቶ፣ ጠርዙን በእጅ ጎትቶ ሞክሮ፣ እንደገና አቁሞ። ጥሩ እጅ ያለው ቴክኒሻን ያሳካዋል። ፈረቃው ሲለወጥ ግን ልኩም አብሮ ይለወጣል።

አውቶማቲክ ማስተካከያ ይህን ሥራ ለሴንሰርና ለሞተር ይሰጣል። ሶኖትሮዱ ቀስ ብሎ ወደ ከበሮው ይጠጋል፤ በግራና በቀኝ የተተከሉ የግፊት መለኪያዎች የትኛው ጫፍ ቀድሞ እንደነካ ይናገራሉ። አንዱ ከቀደመ ሞተሩ ያንን ጎን ያነሳል። ሁለቱ እኩል ሲነኩ ያ ነጥብ እንደ ዜሮ ይያዝና ሶኖትሮዱ የታዘዘውን ያህል ማይክሮን ወደኋላ ይመለሳል። ምርት ከተጀመረ በኋላ የሚሆነው ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ብልህ ነው። ቲታኒየም ሲግል የሚንቀጠቀጥበት ድግግሞሽ በጥቂቱ ይቀንሳል። መሣሪያው ይህን ቅናሽ እያነበበ ብረቱ ምን ያህል እንደረዘመ ሳይነካው ያሰላል፤ ክፍተቱንም ማሽኑ ሳይቆም ያስተካክላል።

ይህ ለኢትዮጵያ ቅርብ ጉዳይ ነው። የቤልጂየሙ ኦንቴክስ እ.ኤ.አ. በ2017 በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የዳይፐር ፋብሪካ ከፍቷል። መቀሌ ላይ ደግሞ ፍሬወይኒ መብራህቱ ያቋቋመችው ማርያም ሰባ ፋብሪካ ታጥቦ በድጋሚ የሚያገለግል ሞዴስ ያመርታል፤ እሷም እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላለች። የሚታጠበው በስፌት መኪና ስለሚሰፋ ከማይክሮን ጣጣ ነፃ ነው፤ ውኃና ሳሙና ባለበት ቤትም ለረጅም ጊዜ ያገለግላል። የሚጣለውን አገር ውስጥ ማምረት ለሚፈልግ ግን ማስተካከያው እንደ ቅንጦት ሊቆጠር አይገባም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሶኖትሮዱ ቀዝቅዞ እንደገና ይግላል፤ በእጅ የተለካው ልክም በዚያው ይበላሻል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ራሱን የሚያስተካክል ማሽን መብራት ከማይጠፋበት አገር ይልቅ ያስፈልጋል።

ማስተካከያው የማይደርስበትም አለ። የከበሮው ጥርስ በጊዜ ብዛት ይበላል፤ የቀለጠ ፕላስቲክና ብናኝ ፊቱ ላይ ይጋገራል። ሴንሰሩ የተጋገረውን ቆሻሻ ከብረቱ ለይቶ ስለማያውቅ ዜሮውን እዚያ ላይ ይይዛል። ስለዚህ ልክ ከመያዙ በፊት ሶኖትሮዱና ከበሮው መጽዳት አለባቸው፤ ከየጥቅሉም ናሙና እየተወሰደ ጠርዙ በመጎተቻ መሣሪያ ይፈተናል።